ከገፈርሳ ሜዳ እስከ ልደታ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በቡራዩ በኩል ባለው የገፈርሳ ሜዳ ላይ አንድ አውሮፕላን አረፈ። በኢትዮጵያ ዋና ከተማ ደጃፍ የመጀመሪያው ነበር። ያበረረው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። አውሮፕላኑ ፖቴዝ 25 ይባላል፤ ክንፉ ባለ ሁለት ደርብ፣ ሞተሩ አንድ፣ ሰው የሚይዘው ሁለት ብቻ። ፈረንሳዮች የሠሩት ለጦር ሜዳ ቅኝትና ለቀላል ቦምብ ጣይነት ነበር። አሥራ ስምንት ቀን ቆይቶ፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ ሁለተኛው ደረሰ። ይኼኛው ጀርመን ሠራሽ ዩንከርስ ደብልዩ 33 ነው፤ ክንፉ አንድ ደርብ፣ ገላው ሞገድ መሳይ ላሜራ፣ ሆዱ ጭነትና ሰው የሚይዝ።

ንጉሥ ተፈሪ ያስገቧቸው እነዚህ ሁለት ማሽኖች የሚቀጥለውን ሠላሳ ዓመት ታሪክ አስቀድመው ያሳዩ ይመስለኛል። አንዱ ለጦር፣ ሌላው ለመንገደኛና ለጭነት ተሠርቶ ነበር። በኋላ እንደምናየው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ቀጭን ነው። ቦምብ ጣዩ ስንቅ አመላላሽ ይሆናል፣ የመንገደኛው ወደ ቦምብ ጣይነት ይለወጣል። ለኢትዮጵያ ወሳኙ ነገር መሪውን የያዘው ማን ነው የሚለው ሆነ።

ፖቴዝ ብዙ ሥራ ፈትቶ አልቆየም። በ1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባለቤት፣ በንጉሥ ተፈሪ ላይ ተነሡ። የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ጦር አስከትተው ወደ ሰሜን ዘመቱ፤ አውሮፕላኑም ተከተላቸው። ማዬ በመጀመሪያ የጣለው ወረቀት ነው። ለንጉሡ ያልታዘዘ ሁሉ የተወገዘ እንደሚሆን የሚገልጽ የቤተ ክህነት ቃል በራስ ጉግሣ ሰፈር ላይ ከሰማይ ተበተነ። ለአማኝ ወታደር የውግዘት ወረቀት ከሰማይ ሲዘንብ ማየት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ሁለቱ ጦር ሲገናኝ ደግሞ ቦምብ ተከተለ። ቦምቦቹ ጥቂትና ትንንሽ ነበሩ፤ ያደረሱት ድንጋጤ ግን ከጉዳታቸው ይበልጥ ነበር። ራስ ጉግሣ በውጊያው ወደቁ። በሁለተኛው ቀን ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። ይህን ክፍል ብዙ ጸሐፊ በችኮላ ያልፈዋል። ለእኔ ግን ከባድ ክፍል ነው፤ በአገራችን ሰማይ የመጀመሪያው ቦምብ የወረደው በባዕድ አብራሪ እጅ፣ በወገን ላይ ነውና።

ንጉሡ የውጭ አብራሪ ብቻ ይዞ መዝለቅ እንደማይቻል ገብቷቸው ነበር። በፈረንሳዮች እጅ የሠለጠኑት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በ1923 ዓ.ም. መግቢያ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። ሚሽካ የሩስያዊ መኮንንና የኢትዮጵያዊት ልጅ ነው፤ ከሁለቱ ወጣቶች በፊት በዚህ አገር ሰው እጅ የተነሣ አውሮፕላን አልነበረም። ንጉሡ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ለሚነግሡበት ለጥቅምት 23ቱ በዓል ዝግጅት ከአሜሪካ የመጣው ሁበርት ጁሊያን የንጉሡን አዲስ አውሮፕላን ይዞ ወድቆ ሰባበረውና ከአገር ወጣ። ከዓመታት በኋላ ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ፣ ጆን ሮቢንሰን፣ ፍጹም ሌላ ዓይነት ሰው ሆኖ ተገኘ።

ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. ሲደርስ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ፣ የጦር መሣሪያ የሌላቸው፣ ገሚሶቹም መነሣት ያቃታቸው አውሮፕላኖች ነበሩት። ፖቴዝ፣ ፋርማን፣ ፎከር፣ ዩንከርስ፤ አንዱ ዓይነት ከሌላው መለዋወጫ የማይበደር። ሮቢንሰን አዛዣቸው ሆነ። ሥራው መዋጋት ሳይሆን መላክ ነበር፤ መልእክት፣ መድኃኒትና ሹማምንት ከአዲስ አበባ ወደ ግንባር ማመላለስ። በሌላው ወገን ጣሊያን በመቶ የሚቆጠሩ ቦምብ ጣዮች በኤርትራና በሶማሊያ አሰልፎ ነበር።

ከእነዚያ መካከል የጦርነቱ መልክ ሆኖ የቀረው ካፕሮኒ 133 ነው። ሦስት ሞተር አለው፤ አንዱ በአፍንጫው፣ ሁለቱ በክንፎቹ ሥር። አጽሙ የብረት ቱቦ፣ ልብሱ በአብዛኛው ሸራ ነው። ዘገምተኛ ከመሆኑ የተነሣ አውሮፓ ውስጥ ተዋጊ አውሮፕላን ቢገጥመው ዕድሜው አጭር በሆነ ነበር። ኢትዮጵያ ግን ተዋጊ አውሮፕላን የላትም፤ ስለዚህ ካፕሮኒ ዝቅ ብሎ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ዒላማውን መርጦ ይጥላል። ቦምቡን ሲያራግፍ ደግሞ አሥራ ስምንት ወታደር ወይም ስንቅ ጭኖ ይመለሳል። ቅኝ ገዥው ይህን ማሽን የሠራው በትክክል ለእንዲህ ያለ ሰማይ ነበር፤ ባለቤት ለሌለው ሰማይ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ቦምቦች ዐድዋ ላይ ወደቁ። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ተደበደበች። የአሜሪካኖች ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ተመቱ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መትረየሱ ኋላ ሆነው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ የዚያን ቀን ነው።

ከዚያ የታኅሣሥ ወር መጣ። ታኅሣሥ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ዳግላስ የተባለው ፋብሪካ አዲስ ሁለት ሞተር ያለው የመንገደኛ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አበረረ። ስሙ ዲሲ 3 ነው። ሳምንት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 12 እና 13፣ ተከዜ ዳር የነበሩት የልዑል ራስ እምሩ ወታደሮች ከጣሊያን አውሮፕላኖች እንግዳ ነገር ሲወድቅ አዩ። እንደ ለመዱት ቦምብ ምድር ገብቶ አይፈነዳም፤ እንደ በርሜል ይሰነጠቅና ፈሳሽ ይረጫል። ፈሳሹ የነካው እጅ፣ እግርና ፊት ቆዳው ተነሥቶ ውኃ ቋጠረ። የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። ሲ 500 ቲ የሚባለው ቦምብ እያንዳንዱ ከ200 ኪሎ በላይ መርዝ ይይዛል፤ ጊዜ የተሞላለት መክፈቻ ከመሬት በላይ እንዲበተን ያደርገዋል። በኋላ ቦምቡም ቀርቶ መርዙ ከአውሮፕላን ላይ እንደ ጭጋግ ይነፋ ጀመር። ወንዙን የጠጡ ከብቶች ሞቱ፤ በባዶ እግሩ በሣሩ ላይ ያለፈ ገበሬ ቆሰለ። ከአሥር ዓመት በኋላ የኢትዮጵያን ሕዝብ የሚያጓጉዘው አውሮፕላንና ይህ መርዝ በአንድ ሳምንት ውስጥ አየር ላይ መውጣታቸውን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይከብዳል።

ቀይ መስቀልም አልተረፈም። ታኅሣሥ 20 በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር፣ የካቲት 25 ኮረም አጠገብ የእንግሊዞች የሕክምና ጓድ ተደበደቡ። በዚያ ጊዜ ለቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን ያበርር የነበረው ወጣት ስዊድናዊ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። የናዚው የአየር ኃይል አዛዥ ሄርማን ጎሪንግ በጋብቻ አጎቱ ነበር፤ ፎን ሮዘን ግን የመረጠው የቆሰሉ ኢትዮጵያውያንን ማንሣት ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሆነ። አንቺም ላይ ቦምብ የወረደበት ቀን ልክ በስድስተኛ ዓመቱ መሆኑ ነው። ከማይጨው ሲያፈገፍግ የነበረውን ጦር አሸንጌ ሐይቅ ዳር የጨረሱት በአብዛኛው አውሮፕላኖች ነበሩ። ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው አውሮፕላኖቹ እየተከታተሉ መርዝ እንዴት እንደነፉ ለዓለም ነገሩ። የሰማቸው ብዙ፣ የረዳቸው ጥቂት ነበር።

ከዚያ በፊት በሦስት ቀን በምዕራብ አንድ ነገር ሆኗል። በስዊድን መኮንኖች እጅ የሠለጠኑት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ከሌሎች ጋር ሆነው ጥቁር አንበሳ የሚባል ማኅበር መሥርተው ወደ ወለጋ አቅንተው ነበር፤ መሪው ዶክተር ዓለም ወርቅ በየነ። ወለጋን በአየር ለመያዝ የፈለገው የጣሊያን አዛዥ ሦስት አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ሜዳ ላይ አሳረፈ። ከመጡት መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮና በጣሊያን ስሙ የገነነው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩ። የአካባቢው ገዢ እንግዶቹን ሊቀበል ተሰናድቶ ነበር። ሰኔ 20 ሊነጋ ሲል ጥቁር አንበሶች፣ በላይ ኃይለ አብና ክፍሌ ናሲቡ ያሉባቸው ወጣቶች፣ ሰፈሩን ከበቡ። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ከጓዱ የተረፈው አባ ቦሬሎ የተባለ ቄስ ብቻ ነው። በሰማይ ሊደረስበት ያልቻለው ካፕሮኒ መሬት ላይ ሲገኝ ሸራና ቤንዚን ነበር። በዚያ ክረምት ለኢትዮጵያ ከደረሱት ጥቂት የድል ወሬዎች አንዱ ይህ ነው።

በአምስቱ ዓመት ጣሊያን ከሮም እስከ አዲስ አበባ የመንገደኛ መስመር አስመረቀ። ሦስት ሞተር ያላቸው የአላ ሊቶሪያ አውሮፕላኖች ሹማምንትና ፖስታ ያመላልሳሉ፤ ከዚያው ሜዳ የሚነሡ ቦምብ ጣዮች ደግሞ የአርበኛ ጎጆ ያቃጥላሉ። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ የታሰበ መቀመጫ አልነበረም።

1933 ዓ.ም. ሲቃረብ ሚዛኑ ዞረ። ከኬንያ በኩል የመጡት የደቡብ አፍሪካ ቦምብ ጣዮች ዩንከርስ 86 ነበሩ፤ ጦርነቱ ሳይጀመር የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ መንገደኛ ያጓጉዝባቸው የነበሩ፣ ኋላ ቦምብ ማንጠልጠያ የተገጠመላቸው። በሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ በአዲስ አበባ ሜዳዎች ላይ የተቃጠሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች አጽም ተከምሮ ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ዓለም በትርፍ አውሮፕላን ተጥለቀለቀች። ያ በ1928 ታኅሣሥ የበረረው ዲሲ 3 የወታደር ልብስ ለብሶ፣ ሲ 47 ተብሎ፣ ከ10 ሺህ በላይ ተሠርቶ ነበር። ኢትዮጵያም ከዚህ ትርፍ ልትገዛ ወሰነች። ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ዓ.ም. መንግሥት ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲደብልዩኤ ጋር ውል ተፈራረመ፤ በታኅሣሥ 1938 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2.5 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። አክሲዮኑ በሙሉ የመንግሥት ነበር፤ አስተዳዳሪዎቹ፣ አብራሪዎቹና መካኒኮቹ ግን አሜሪካውያን። አምስት ሲ 47ዎች ደረሱ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ።

ሕዝቡ ዳኮታ አለው፤ ስሙ ዛሬም በትልልቆቹ አፍ አለ። ውስጡ እንደ ዛሬ አውሮፕላን አልነበረም። ወታደር ይቀመጥበት የነበረው የብረት አግዳሚ በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ መንገደኛ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፣ ጭነቱ መሐል ላይ በገመድ ይታሠራል። ጅራቱ ትንሽ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ገና መሬት ላይ ሳለ ወለሉ አቀበት ነው፤ አብራሪው ወደ ክፍሉ የሚደርሰው ሽቅብ ወጥቶ ነው።

ጠዋት ልደታ ላይ ሞተር ከመነሣቱ በፊት መካኒኮች የፕሮፔለሩን ስለት እየተቀባበሉ በእጃቸው ቀስ ብለው ያዞሩታል። ለታይታ አይደለም። የዳኮታ ሞተር አሥራ አራት ሲሊንደር በሁለት ረድፍ ዙሪያውን የተደረደረበት ነው፤ ሌሊቱን ዘይቱ እየሰረገ ታች ባሉት ሲሊንደሮች ውስጥ ይጠራቀማል። ዘይት አይታመቅም። በዚያ ላይ ሞተሩ በጉልበት ቢነሣ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ይጣመማል፣ ይባስ ብሎም አየር ላይ ይሰበራል። ስለዚህ እጅ ይቀድማል። ስለቱ ከበደኝ ያለ መካኒክ አያስገድድም፤ ታች ያለውን ካንዴላ ፈትቶ ዘይቱን ያፈሳል። በአንድ ሞተር ሃያ ስምንት ካንዴላ አለ፤ በአውሮፕላኑ ሃምሳ ስድስት። ሞተሩ ሲነሣ ነጭ ጭስ ይተፋና ሳል የያዘው ሰው ይመስል ጥቂት ተንገጫግጮ ይረጋል።

ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም፤ ክንፉም ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይጠይቃል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ዳኮታ ጠረፍ ላይ ባለችው ምጽዋ ሊሸከም ከሚችለው ያነሰ ጭኖ ይወጣል። ጅማ፣ ጎሬ፣ ደምቢዶሎ፣ ጎንደር ማረፊያው የሣር ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን ከመድረሱ በፊት ከብት ይባረራል፣ ጉድጓድ ይደፈናል። ቡናና ቆዳ ይወጣል፣ ፖስታ፣ መድኃኒትና መምህር ይገባል። በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀው የምዕራብ ጉዞ በሰዓታት ተቆጠረ። ይህን አገልግሎት የሚያክል ጥቂት ነገር በዚያ አሥር ዓመት ተሠርቷል።

ሐረር ሜዳ ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ አየር ኃይሉ እንደገና ይወለድ ነበር። ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ከአሜሪካ መካኒኮችና አሠልጣኞች ይዞ ተመልሶ ማሠልጠን ጀምሯል። ፎን ሮዘንም ተመለሰ፤ አሁን የአየር ኃይሉ አደራጅ ሆኖ። በግንቦት 1939 ሳፊር የተባለችውን ትንሽ የሥልጠና አውሮፕላን ይዞ ከስቶክሆልም ተነሥቶ የትም ሳያርፍ ወደ 31 ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ አዲስ አበባ ገባ። ስዊድን ከ40 በላይ ሳዓብ 17 ጠላቂ ቦምብ ጣዮችም ሸጠችልን። አብራሪው ወደ ዒላማ ሲወረወር የጎማዎቹን ሽፋን ዘርግቶ እንደ ፍሬን ይጠቀምበታል። የሳዓቡ ሞተር የዳኮታው ሞተር ዘመድ ነው፤ ስዊድኖች በጦርነቱ ወቅት የአሜሪካኑን አሥራ አራት ሲሊንደር ያለ ፈቃድ ገልብጠው የሠሩት። ስለዚህ ልደታ ላይ ለመንገደኛ የሚዞረውና ቢሾፍቱ ላይ ለቦምብ ጣይ የሚዞረው ሞተር አንድ ዓይነት ልብ ነበረው፤ አንዱን ፈትቶ የገጠመ መካኒክ ሌላው እንግዳ አይሆንበትም። ሮቢንሰን ይህን ሁሉ እያየ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለታማሚ ደም ለማድረስ ሲበር አዲስ አበባ ውስጥ ወድቆ ሞተ፤ እዚሁ ተቀበረ።

አየር መንገዱ በ1943 ዓ.ም. አርባ መቀመጫ ያላቸውን ሁለት ኮንቬር 240ዎች ገዛ። ውስጣቸው አየር የታፈነ ስለሆነ ከደመናና ከተራራ በላይ መብረር ተቻለ፤ መንገደኛም ወደ ፊት ዞሮ ተቀመጠ። በ1950 ዓ.ም. አራት ሞተር ያላቸው ዲሲ 6 ቢዎች መጡና በሰኔ መስመሩ በአቴንስ በኩል ፍራንክፈርት ደረሰ። በ1953 ዓ.ም. መጀመሪያ እነዚሁ አውሮፕላኖች ምሥራቅ አፍሪካን ከአክራና ከሞንሮቪያ አገናኙ። ከዚያ በፊት አንድ አፍሪካዊ ከአህጉሩ ምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለመሄድ አውሮፓን ይዞር ነበር።

ከአውሮፕላኖቹ ይልቅ የሚያስደስተኝ ግን የመቀመጫው ጉዳይ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. የታደሰው የቲደብልዩኤ ውል የመጨረሻ ዓላማ ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን እንዲመራ ማድረግ መሆኑን በጽሑፍ አሰፈረ። ወጣቶች ረዳት አብራሪ ሆነው በቀኝ ወንበር መቀመጥ ጀመሩ፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የዳኮታን የግራ ወንበር ይዘው የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ ሆኑ። ከአንቺም ሃያ ሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። ነሐሴ 30 ቀን 1953 ዓ.ም. ከለገጣፎ አልፎ በደሴ መንገድ ሰንዳፋ አጠገብ አንድ የአየር መንገዱ ሲ 47 ወድቆ የሰው ሕይወት ጠፋ። የነሐሴ ደመና፣ የሸዋ ተራራና ራዳር የሌለው አውሮፕላን በአንድነት አስቸጋሪ ናቸው፤ በዚያ ዘመን የበረረ ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር።

ዓመቱ ዞሮ ቦሌ ተከፈተ፤ ቦይንግ 720 ጄቶች መጡ። ልደታ ለጄት አጭር ነበርና መንገደኛው ወደ ቦሌ ዞረ፤ ሰፈሩ ግን እስካሁን ኦልድ ኤርፖርት ይባላል። ዳኮታ አልወጣም። ጄት የማያርፍባቸው የሣር ሜዳዎች አሁንም ነበሩና የአገር ውስጡን መስመር ይዞ ቀጠለ። ኮሎኔል ሰምረት መድኅኔ በ1971 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሲሆኑ እነዚያ የጦርነት ትርፎች ገና በሥራ ላይ ነበሩ። ፎን ሮዘንም በረሃብ ዘመን ተመልሶ በ1974 እ.ኤ.አ. ከትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ለተራቡ ሰዎች የእህል ከረጢት ሲጥል ቆየ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደለ። ዳኮታዎቹን የተኩት ትዊን ኦተርና ኤቲአር 42 በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲገቡ ያበረሯቸውም የጠገኗቸውም በአየር መንገዱ በራሱ ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች ነበሩ።